ሚና የሚለይበት ወራት

«ሚና» የምትባለው ቃል በዘመናችን አማርኛ ዕረፍት ያጣች ቃል ናት። በየስብሰባው ትነሣለች፤ በየዘገባው ትጻፋለች። መሥሪያ ቤቱ ሚና አለው፤ ወጣቱ ሚና አለው፤ መንገዱና ድልድዩ ሳይቀሩ በልማት ረገድ የየራሳቸውን ሚና ይጫወታሉ ይባላል። የተውኔት ሰዎችም በበኩላቸው ተዋናዩ በመድረክ ላይ የሚይዘውን ድርሻ ሚና ብለው ከጠሩት ብዙ ዘመን ሆኗል። ይሁን እንጂ ቃሏ ቢሮ ከመግባቷና መድረክ ከመውጣቷ አስቀድሞ የምትኖርበት አሮጌ ቤት ነበራት፤ ይኸውም የገና ሜዳ ነው። በገና ሜዳ ሚና ማለት ወገን ማለት ነው። ሩር ከመመታቱ በፊት ሚና ይለያል። ሚናውን ሳይለይ ዱላ ይዞ ሜዳ መካከል የተገኘ ሰው ከሁለቱም በኩል ቅልጥሙን ቢመታ የሚከስሰው የለውም።

የከተማው ሰው ይህን ጨዋታ የሚያውቀው አብዛኛውን ጊዜ ከጃን ሜዳ ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን መኳንንቱ በተገኙበት ይካሄድ ነበር፤ ከዚያም ወዲህ በባህል ስፖርት ስም ደንብ ወጥቶለት፣ ዳኛ ተሰይሞለት፣ ከገበጣ፣ ከትግልና ከፈረስ ጉግስ ጋር በውድድር መልክ ይቀርባል። ይህን የጨዋታው የላይኛው እርከን ነው እንበለው። የታችኛው እርከን ግን ሌላ ነው። በሰሜን ወሎ፣ በላስታ ተራሮች ላይ፣ ውጤቱን ማንም የማይመዘግብለት፣ ዋንጫ የማያውቅ፣ ተመልካቹ ዘመድና ከብት ብቻ የሆነ የገና ወራት አለ። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ያንን ነው።

ላስታ ሩር ለመምታት የተፈጠረ አገር አይደለም። የላሊበላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ከበላይዋ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4000 ሜትር በላይ ያሻቅባል። በመካከሉ ያለው ምድር ሸንተረር፣ ገደልና ድንጋያማ ቁልቁለት ነው። ደልዳላ ቦታ ብርቅ ነው፤ ብርቅ በመሆኑም ገበሬው አርሶታል፣ አለዚያም አውድማ አድርጎታል፣ አለዚያም ቤተ ክርስቲያን ተተክሎበታል። ስለዚህ የገና ወራት በዚያ አገር የሚከፈተው በባሕረ ሐሳብ ብቻ ሳይሆን በማጭድም ጭምር ነው። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ቀን ይገባል፤ ልደትም ታኅሣሥ 29፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ በ28 ይውላል። ሜዳው ግን ገብሱና ስንዴው ካልታጨደ የለም። ሰብሉ ቀድሞ የደረሰለት ጎጥ ቀድሞ ይጀምራል፤ የዘገየበት ከካቡ ማዶ ሆኖ ጩኸቱን እየሰማ ማጭዱን ያፈጥናል። ነዶው ተነሥቶ ከብቱ በማሳው ላይ ሲለቀቅ እረኛውም አብሮ ይለቀቃል።

ክፉ ዘመን ሲመጣ ይህ ወራት ዝም ይላል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም.፣ ኋላም በ1977 ዓ.ም. ረሀብ ወሎን ሲመታ ላስታም ከተመቱት አገሮች አንዱ ነበር። ያኔም ማሳው ባዶ ነበር፤ ነገር ግን ታጭዶ ባዶ የሆነ ማሳና ሳይበቅልበት ባዶ የሆነ ማሳ አንድ አይደሉም።

ዱላው ከወራቱ ብዙ አስቀድሞ ይታሰባል። ብልህ እረኛ ገና በክረምቱ ከብት እየጠበቀ ዓይኑን በወይራው ላይ ያሳርፋል፤ ጫፉ በተፈጥሮው የተቆለመመ ቅርንጫፍ ካየ ለማንም አይናገርም። የተፈጥሮ ቆልማማ ሲታጣ እርጥቡን እንጨት በእሳት ለብልቦ ማጉበጥ ይቻላል፤ ያ ግን የሁለተኛ ደረጃ ዱላ ነው፤ በብርቱ ምት ጊዜ ወደ ቀድሞ ጠባዩ መመለስ ያምረዋል። ተልጦና ተልጎ ያለቀው ዱላ ሞራ ተቀብቶ ከምድጃው በላይ፣ ከጭሱ መካከል ይሰቀላል። ሩሩ ከእንጨት ጉጥ ተጠርቦ ይድበለበላል፤ ከጠፍር ተጎንጉኖ የሚሠራውም አለ፣ እርሱ ጥንግ ይባላል። ችግሩ ወይራው ነው። ወይራ ከቤተ ክርስቲያን አጸድ በቀር ከየሸንተረሩ እየራቀ ሄዷል፤ የአጸዱን ዛፍ መቁረጥ ደግሞ ነውርም ኃጢአትም ነው። በየጓሮው የሞላው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ለቤት፣ ለማገዶና ለገበያ ደግ ዛፍ መሆኑን ማንም አይክድም፤ ግን ቀጥ ብሎ ከመሄድ በቀር ሌላ አያውቅም። ስለ ባህል መጥፋት በየአዳራሹ ብዙ ይነገራል፤ ስለ ወይራ የሚናገር ግን ጥቂት ነው።

ሚና እንዴት ይለያል? አንዳንድ ጊዜ ምድሩ ራሱ ይለየዋል፤ ከወንዝ ወዲህና ከወንዝ ወዲያ፣ ላይኛው ጎጥና ታችኛው ጎጥ፣ ደገኛና ቆለኛ ይባላል። አንዳንድ ጊዜ ያገቡት ካላገቡት ጋር ይገጥማሉ። ይህ ሁሉ ሳይመች ሲቀር ግን ሁለት አውራዎች ይቆማሉ፤ በጉልበትና በሩጫ የሚመጣጠኑ ሁለት ሁለት እየሆኑ ይቀርባሉ፤ ከጥንዱ አንዱ ወደዚህ፣ ሌላው ወደዚያ ይሄዳል። እንግዲህ እኩያ የት ይገኛል ቢባል ከቅርብ ነው፤ ጥንድ ሆኖ የሚቀርበውም ወንድም ከወንድሙ፣ አብሮ አደግ ከአብሮ አደጉ ጋር ይሆናል። ስለዚህ የሚና ሕግ ወዳጅን ከወዳጅ የሚለይ ሕግ ነው። ሰው በዚያ ቀን ቅልጥሙን የሚሰነዝርለት ለባዕድ ሳይሆን ዱላውን አብሮት ለቀረጸው ሰው ነው። ላይና ታች ብሎ መከፈል ለአገራችን ሊቃውንትም እንግዳ ነገር አይደለም፤ የመጻሕፍት ትርጓሜ ጉባኤ ሳይቀር ላይ ቤትና ታች ቤት ተብሎ ተለይቶ ዘመናትን በክርክር ኖሯል። መለየቱ ዕውቀቱን አላጠፋውም፤ እንዲያውም አስልቶታል።

ጨዋታው ሲጀመር ሩሩ ከመካከል ይቀመጣል፤ አውራዎቹ ዱላቸውን ያጋጥማሉ። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን በሥርዓት መተረክ ያስቸግራል። መረብ የለም፤ በኖራ የተሠመረ መሥመርም የለም። ግቡ አንድ ቋጥኝ ነው፣ ወይም የድንጋይ ካብ፣ ወይም የወንዙ ዳር። የተጫዋቹ ቁጥር የመጣው ሰው ቁጥር ነው። ሰዓት የምትጠብቀው ፀሐይ ናት። ዕረፍት የሚባለው ሩሩ ገደል ገብቶ አንድ ብላቴና ሊያመጣው ሲወርድ ያለው ፋታ ነው። ያኔ ቅልጥሙን የሚያሸው ያሻል፤ ነጠላውን የሚያጠብቀው ያጠብቃል፤ ሽማግሌው ከካቡ ላይ ሆኖ በእርሱ ጊዜ የነበረውን ጨዋታ ያነሣና የዛሬውን ያጣጥላል። ብላቴናው ሩሩን ይዞ ብቅ ሲል፣ ለማን እንደሚወረውረው እስኪታወቅ ድረስ፣ ሁለት መንደር ዓይኑን እርሱ ላይ ይተክላል። በዓመቱ ውስጥ ሌላ ጊዜ ማንም ያን ያህል አያየውም።

ቅልጥም ይሰበራል፤ ጥርስ ይወልቃል። ወጌሻ ይጠራል እንጂ ዳኛ አይጠራም፤ በጨዋታው መካከል ስለፈሰሰ ደም ካሳ መጠየቅ አሳፋሪ ነው። ጌታ በገና ጨዋታ እንደማይቆጣ የሚናገረው የታወቀው አባባል በመጀመሪያ የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። ነገር ግን አባባሉን ከዚህም ጠለቅ አድርጎ ማየት ይገባል። ከየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በፊት ጌታ የሚለው ቃል ባዶ ማዕረግ አልነበረም፤ ጉልተኛው፣ ሹሙና ዳኛው በሥጋ የሚታወቁ ሰዎች ነበሩ። በዓመት ውስጥ ገባሩ የጉልተኛውን ቅልጥም መትቶ በሰላም ቤቱ የሚገባበት ቀን ይህ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። ጌታው አለመቆጣቱ ደግነት አልነበረም፤ ግዴታው ነበር። የተቆጣ እንደሆነ ዓመቱን ሙሉ መሳቂያ ይሆናል።

መሳቂያ የሚያደርገው ደግሞ ዱላው ሳይሆን ግጥሙ ነው። ያሸነፈው ወገን ሲመሽ ተሰብስቦ እየጨፈረ በየደጁ ይዞራል፤ በየደጁም ጠላ ይቀዳለታል። ያን ጊዜ የሚወርደው ግጥም ሁለት ሁለት ስንኝ የሆነ፣ ቤቱ የጠበቀ፣ ለተሸናፊው ለራሱ በስሙ የተገጠመ ስድብ ነው። ሩጫው፣ አፍንጫው፣ ስስቱ፣ የጎተራው ባዶነት፣ የእህቱ ባል ሳይቀር ይነሣል። ከዚህ ግጥም አንዱን እንኳ በዚህ ገጽ ላይ ማስፈር ተገቢ አይደለም፤ ነውር ስለሆነ ብቻም ሳይሆን የተገጠመው ለአንድ ማታ ስለሆነ ነው። በማግስቱ ያንኑ ስንኝ በገበያ ላይ የደገመ ሰው ጨዋታ አላለም፤ ሰደበ ይባላል፤ በሽማግሌም ፊት ይቀርባል። ለተውኔት ሰው ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቅ ነገር ያለ አይመስልም። አሪስቶፋነስ በጥንቷ አቴና በበዓል ቀን በመድረክ ላይ የዘመኑን ሹም ክሌዎንን ስም ጠርቶ ሲያዋርድ የሠራበት ፈቃድ ከላስታው ፈቃድ ጋር የአንድ ቤተሰብ ነው። ልዩነቱ የአቴናው ተጽፎ መቅረቱ ነው። የላስታው እንዳይጻፍ ሆኖ ተፈጠረ፤ ብርታቱም ጉዳቱም ከዚህ ይመነጫል።

ቆልማማ ዱላ ይዞ ትንሽ ነገር ማሳደድ እርግጥ የአንድ አገር ብቻ ሀብት አይደለም። በፊንላንድ፣ ሐይቅና ወንዝ ለወራት እንደ ድንጋይ በሚጠጥርበት አገር፣ ሰዎች በብረት ጫማ በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ ከ156 እስከ 170 ግራም የሚመዝን ጠፍጣፋ ጎማ በዱላ ይመታሉ። የአገሪቱ ብሔራዊ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2022 በቤጂንግ የክረምት ኦሊምፒክ በዚሁ ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ ወርቅ አግኝቷል። ዓለም የሚያውቀው ያንን ነው። ከዋናው ሊግ በታች ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ሜስቲስ የሚባል ሁለተኛ እርከን አለ፤ እንደ ኢማትራና እንደ ኢሳልሚ ያሉ ትንንሽ ከተሞች ቡድን ያሰለፉበት ነው። ወራቱ በመስከረም ይጀምርና ረጅሙን ክረምት አልፎ በጸደይ ያበቃል። በዚያ እርከን የሚጫወተው ወጣት ወደ ላይ ለመውጣት ይመኛል፤ አሮጌው ተጫዋች ከላይ ወርዶ እዚያ ያረጃል፤ ከተማይቱም በጨለማው ማታ ወደ አዳራሹ ሄዳ ልጆቿን ታያለች። እስከዚህ ድረስ ኢማትራና ላሊበላ የሚግባቡ ይመስላል፤ ሁለቱም አገር ትልቁ ሰው የማያየው ጨዋታ ለትንሹ ሰፈር ምን እንደሆነ ያውቃሉ። አንድ ነገር ግን ይለያቸዋል። በሊግ ነጥብ ይከማቻል፤ የመስከረሙ ሽንፈት በየካቲትም በሰንጠረዡ ላይ ይነበባል፤ ተጫዋቹም በውል ስለታሰረ ወገኑ እስከ ወራቱ ፍጻሜ አንድ ነው። በላስታ ግን ሚና ማታ ይፈርሳል። ትናንት አጠገብህ የሮጠው ዛሬ ከፊትህ ይቆማል፤ ነገ ደግሞ ከአጠገብህ። ሰንጠረዥ ቢወጣለት ምን ተብሎ እንደሚጻፍ ያስቸግራል።

ወደ ላይኛው እርከናችን፣ ወደ ጃን ሜዳ፣ ስንመለስ ነገሩ የሚያከራክር የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ደንብ መውጣቱ ክፉ አይደለም፤ ቅልጥምን ያድናል፤ የወሎውን ተጫዋች ከሌላው ክልል ተጫዋች ጋር ያገናኛል፤ ስሙን እንኳ ሰምቶ የማያውቅ ልጅ ጨዋታውን በቴሌቪዥን ያያል። ነገር ግን ዱላው በደንብ ሊጠበቅ ይችላል እንጂ ግጥሙ አይችልም። ገደል የሚወርደው ብላቴና በደንቡ አንቀጽ የለውም፤ ለጌታውም መሰደቢያ የሚሆን ጊዜ በመርሐ ግብሩ ላይ አልተያዘም። ፊሽካ ሲነፋ አብሮ የሚበን ነገር አለ። ይህን የሚያነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጨዋታው ከቶ ሳይነካ በመንደሩ ይቅር ብሎ ይደመድማል፤ ይህም ከሩቅ ሆኖ የሚነገር ቃል ነው። መንደሩ ራሱ እንደነበረ አልቆየም። እረኛው ተማሪ ሆኗል፤ መሆኑም ደግ ነው። ከትምህርት ቤት ሲመለስ የሚመታው ኳስ ነው። ኢትዮጵያ በጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣችበት ጨዋታ ከጥምቀት በሁለተኛው ቀን ውሎ እንደነበር ማስታወስ ይቻላል፤ እግር ኳስ የገናን ወራት ከያዘ ቆይቷል። ለኳስ ወይራ አያስፈልገውም፤ ያረጀ ካልሲና ጨርቅ ይበቃዋል። በላሊበላ ከተማ ደግሞ ደልዳላው ቦታ ሁሉ በገና ሰሞን የእንግዳ ማደሪያ ይሆናል። በአስር ሺዎች የሚቆጠር ምእመን በእግሩና በመኪና ወደዚያ ይጎርፋል፤ ድንኳን በተተከለበት ሩር አይመታም። ጨዋታው ከበዓሉ ከተማ ወደ ገጠሩ የሸሸው እንግዲህ በበዓሉ በራሱ ምክንያት ነው።

በዓሉ ግን የራሱን ሚና ይለያል። በልደት ማለዳ ቅዳሴው ካለቀ በኋላ በቤተ ማርያም ቅጽር ካህናቱ ለሁለት ይከፈላሉ። ከፊሎቹ ከላይ፣ ማሜ ጋራ በሚባለው የዓለቱ ከንፈር ላይ በረድፍ ይቆማሉ፤ ከፊሎቹ ከታች በግቢው ውስጥ ይሆናሉ። ቤዛ ኩሉ የተባለው ዝማሬ ከላይ ሲነሣ ከታች ይቀበሉታል፤ ከታች ሲነሣ ከላይ። የላዮቹ የመላእክት፣ የታቾቹ የሰዎችና የእረኞች ምሳሌ ናቸው። ከበሮና ጸናጽል አለ፤ በየእጁ መቋሚያ አለ፤ የመቋሚያውም ማዕበል ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው የገና ጨዋታን የጀመሩት የቤተ ልሔም እረኞች ናቸው፤ ጌታ መወለዱን ሲሰሙ ከደስታ ብዛት በበትራቸው ተጫወቱ ይባላል። የጨዋታው ስም ከግሪክኛው የልደት ቃል መምጣቱንም ብዙዎች ይናገራሉ። ይህን ይዞ ወደ ቤተ ማርያም ግቢ ያየ ሰው ሁለቱ ዱላዎች፣ የካህኑና የእረኛው፣ ዘመዳሞች ሆነው ይታዩታል። አንዱ ይወዛወዛል፣ አንዱ ይመታል፤ ሁለቱም ግን ከወዲያኛው ወገን መልስ ካልመጣ ሥራቸው አይፈጸምም። ዝማሬው ሲያበቃ የላዮቹ ይወርዳሉ፣ የታቾቹ ይቀላቀሏቸዋል፤ ማን ከላይ እንደነበረ የሚለይበት ምልክት አይቀርም።

በቅርቡ ዘመን ላስታ ሌላ ዓይነት ሚና አይታለች። ከተማይቱ በሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ በትግራይ ኃይሎች እጅ ገባች፤ በኅዳርና በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከአንዱ ወደ ሌላው ደጋግማ ተላለፈች። መከሩ በደረሰበት፣ ሜዳ በሚከፈትበት ወራት ማለት ነው። ጾሙ የተጾመው በተኩስ ድምፅ መካከል ነበር። መንግሥት ከተማይቱን መልሶ ከያዘ ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ ታኅሣሥ 29 ቀን ደረሰ፤ ምእመኑም መጣ፤ ካህናቱም ማሜ ጋራ ላይ ወጡ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሣ፤ መንገዱም፣ እንግዳውም፣ ገበያውም እንደገና ተጎዳ። በእነዚህ ዓመታት «ሚናህን ለይ» የተባለ ወጣት የተጠየቀው በሩር ሜዳ አልነበረም። የለየውም ሚና ፀሐይ ስትጠልቅ አልፈረሰለትም፤ እኩያውም ጥንድ ሆኖ ከመንደሩ የወጣው ልጅ ሆኖ ሳለ ማታ አብሮ ጠላ የሚጠጣበት ደጅ አላገኘም። ስለ ጦርነቱ ብዙ ይጻፋል፤ መጻፉም ይገባል። የገናው ሜዳ ግን ለዚያ ሁሉ መልስ አለኝ ብሎ አያውቅም፤ የሚያውቀው አንድ ትንሽ ጥበብ ነው፤ ወንድምን ከወንድም በጠዋት ለይቶ ማታ መመለስን።

ከልደት በኋላ ጨዋታው በአንዳንድ ጎጥ እስከ ጥምቀት ዋዜማ ይቀጥላል። የመጨረሻው ሳምንት ደካማ ነው፤ እህሉ ይወቃል፣ ይበራያል፤ ጎልማሳው ወደ አውድማው ይመለሳል፣ ተማሪው ወደ ክፍሉ። ሜዳው ላይ የሚቀሩት ትንንሾቹ ናቸው፤ ታላላቆቻቸው የጣሉትን ስንጥቅ ዱላ ይዘው፣ ሩሩ ከእነርሱ ጉልበት በላይ ከብዶባቸው። ጥር 10 ቀን ታቦት ሲወጣ ያም ያበቃል። ደህናው ዱላ ተጠርጎ፣ ሞራ ተቀብቶ ከምድጃው በላይ ወደ ቦታው ይመለሳል። ጫፉ ቆልማማ በመሆኑ ለመስቀያ ይመቻልና የቤቱ እመቤት እስከሚመጣው ኅዳር ድረስ ቅሏን ታንጠለጥልበታለች።